ያውቁ ኖሯል? ከበሮ ሲመታ፣ ዛር ሲያጓራ፣ አንጎል ምን ይሆናል?

ከሳይቤሪያ በረዶ እስከ ጎንደር እልፍኝ፣ ከባሊ ደሴት እስከ ካላሃሪ በረሃ፣ ሰው በከበሮ፣ በጭብጨባና በዘፈን ታግዞ ራሱን ይስታል፤ ድምፁ ይለወጣል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ በሌላ ስም ይናገራል። ተመራማሪዎች ይህን ሁኔታ ትራንስ ይሉታል። መናፍስት አሉ ወይስ የሉም የሚለውን ክርክር ለእምነት መምህራን ትተን፣ የተለካውንና የተመዘገበውን ብቻ እንመልከት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንበር የማያውቅ ልማድ

◆ አንትሮፖሎጂስቷ ኤሪካ ቡርጊኞን በ1973 ባሳተሙት ጥናት የ488 ማኅበረሰቦችን መረጃ አገላብጠው ነበር። ከመቶ 90 ያህሉ ሰውን ወደ ትራንስ የሚያስገባ፣ ደንብና ወግ ያለው ሥርዓት ነበራቸው። ብርቅ የሆኑት ሥርዓቱ የሌላቸው ናቸው።

◆ ትራንስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሳይቤሪያና የሞንጎሊያ ሻማን ነፍሱ ከሥጋው ወጥታ ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው ዓለም እንደምትጓዝ ይናገራል፤ ሲመለስም ያየውን ይተርካል። በዛር፣ በሄይቲ ቩዱና በሃውሳዎች ቦሪ ግን መጪው መንፈሱ ነው። መንፈሱ ሲሄድ ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ «ምንም አላስታውስም» ይላል።

◆ ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ ፈረስ ነው፤ በሄይቲና በሃውሳዎች ዘንድም እንዲሁ። ጋላቢው መንፈሱ ስለሆነ ፈረሱ ለተናገረውና ለሠራው አይጠየቅም። ይህ ነጻነት ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ በደህናው ቀን አፍ የማይደፍረው ቅሬታ በዛሩ አንደበት ይወጣልና።

◆ በካላሃሪ የሳን ሕዝብ ሴቶች እሳት ከበው እያጨበጨቡ ሲዘፍኑ ወንዶቹ ዙሪያውን ይጨፍራሉ። «ንኡም» የሚሉት ኃይል ከሆድ ተነስቶ እየጋለ ወደ ራስ ሲወጣ ፈዋሹ ትራንስ ውስጥ ይገባል። ጥናቱን ያደረጉት ሪቻርድ ካትዝ በ1982 መጽሐፋቸው እንደጻፉት ከአዋቂ ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት ፈዋሾች ይሆኑ ነበር። ተለማማጁ ሞት የመጣበት ያህል ይፈራል፤ ፍርሃቱን መቋቋም የሚማረው ከታላላቆቹ ነው።

ዛር፦ ከጎንደር እስከ ባሕረ ሰላጤው

◆ በአንድ የቆየ አፈ ታሪክ ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ሊጎበኛት ሲመጣ ዓይን እንዳይገባባቸው ብላ ቆንጆዎቹን 15 ደበቀች። የተደበቁት እንደተደበቁ ቀሩ፤ የማይታዩት ዛሮች ከነዚያ ተወለዱ ይባላል። የማይታዩት ቆንጆዎችም በሚታዩት ወንድሞቻቸው ላይ ይሰለጥናሉ።

◆ በ1932 የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጎንደር ሲገባ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ አብሮ ነበር። ሌሪስ መልካም አያሁ ወደተባሉ የታወቁ ባለዛር ቤት እየተመላለሰ፣ በአስተርጓሚው በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ አማካይነት ያየውንና የሰማውን መዘገበ። ማስታወሻው በ1934 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

◆ ሌሪስ በ1958 ወደ ጉዳዩ ተመልሶ ዛርንና ቴያትርን ያነጻጸረ መጽሐፍ ጻፈ። ሰይፉ ጨንገር፣ ራሄሎና ሌሎቹ ዛሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ፣ ፉከራና ልብስ አላቸው። ባለዛሯ ሚናውን በሚገባ ታውቀዋለች፤ ነገር ግን አስመሳይ ናት ማለት አይቻልም። ሌሪስ ይህን የሚኖሩት እንጂ የሚጫወቱት ቴያትር አይደለም ብሎታል። ዛሬ በአንጎል ምርምር የሚነሳው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ሰው አውቆ የተማረውን ነገር ሳያውቅ የሚያደርገው እንዴት ነው?

◆ በዚያው በ1958 አንትሮፖሎጂስቱ ሳይመን ሜሲንግ የኢትዮጵያን ዛር የቡድን ሕክምና ነው ብለው ጻፉ። ዛሩ አይባረርም፤ ይጠየቃል፣ ይገበርለታል፣ ይታረቃል። ባሏ የዘነጋት ሴት በዛሩ ስም ቀሚስ፣ ሽቶና ጌጥ ታስጠይቃለች። ከሁሉ በላይ ግን ቡና የሚያጠጣ፣ እጣን የሚያጨስና ሕመሟን የሚያውቅላት ማኅበር ታገኛለች።

◆ ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ኸርኽሮንዬ በ1880ዎቹ መካ ውስጥ ስለነበረው የዛር ሥርዓት ጽፈዋል። ኢራናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና ደራሲ ጎላም ሆሴን ሳኤዲ ደግሞ በደቡብ ኢራን የባሕር ዳርቻ ስላለው ዛር በ1966 መጽሐፍ አሳትመዋል። በካይሮ «መዛሄር» የተባለው ቡድን የዛርን ዜማ ዛሬ በመድረክ ያቀርበዋል።

◆ በሰሜን ሱዳን በአንዲት መንደር የቆዩት አንትሮፖሎጂስቷ ጃኒስ ቦዲ በ1989 መጽሐፋቸው እንዳሰፈሩት፣ አግብተው ከሚያውቁት የመንደሯ ሴቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዛር ነበረባቸው። ከሱዳን የዛር ነገዶች አንዱ «ሐበሽ» ነው፤ ኢትዮጵያውያን መናፍስት መሆናቸው ነው።

◆ ዛር ከቤተ እስራኤል ጋር እስራኤል ድረስ ተሻግሯል። የእስራኤል የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ1996 ባወጡት ጽሑፍ፣ በስደተኞቹ ላይ ያዩትን ምልክት እንደ ተራ እብደት ከመመዝገብ በፊት ባህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልግ አሳስበዋል።

ከበሮው ያስገድዳል?

◆ ተመራማሪው አንድሩ ኔኸር በ1961 ሰዎችን አስቀምጦ፣ ራሳቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ መለኪያ ገጥሞ ከበሮ አሰማቸው። የአንጎላቸው ሞገድ የከበሮውን ምት ሲከተል አየ። በቀጣዩ ዓመት ትራንስን የሚያመጣው ይኸው ነው ብሎ ጻፈ።

◆ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ዢልቤር ሩዤ ግን በ1980 ሐሳቡን አጣጣሉት። ከበሮ ብቻውን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ግማሹ አፍሪካ ዓመቱን ሙሉ ራሱን እንደሳተ ይኖር ነበር አሉ። ከበሮ የሚመታውም ሰው ከሁሉ በላይ እየሰማ እሱ ግን አይሰፍርበትም።

◆ የደቡብ ጣሊያን ታሪክ ሩዤን ይደግፋል። በፑልያ «ታራንቱላ ሸረሪት ነደፈችኝ» የሚሉ ሴቶች ሕመማቸው በየዓመቱ በሰኔ ወር ይነሳባቸው ነበር። በ1959 ጣሊያናዊው አንትሮፖሎጂስት ኤርኔስቶ ዴ ማርቲኖ የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሙዚቃ አጥኚ ይዘው ሄዱ። ሙዚቀኞቹ ዜማ እየቀያየሩ ይሞክራሉ፤ ሴቲቱ የምትነሳው የራሷ ሸረሪት ዜማ ሲመታ ብቻ ነው። በእኛም አገር ዛሩ የሚነሳው የራሱ ዘፈን ሲዘፈንለት ነው። ጆሮ የሚለየው የተማረውን ነው ማለት ነው።

◆ ይህ ሲባል ግን ምቱ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። በ2016 የታተመ ጥናት 15 ልምድ ያላቸውን የሻማን ሥርዓት አዋቂዎች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝቶ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል የሚመታ ከበሮ አሰማቸው። ትራንስ ውስጥ ሲገቡ ወደ ውስጥ የሚያስበውና ትኩረትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍሎች በጋራ መሥራት ጀመሩ፤ ድምፅ የሚያስተላልፈው መስመር ግን ከቀረው አንጎል ጋር ያለው ግንኙነት ላላ። አንድ ዓይነት ምት ሲደጋገም አንጎል «አውቄዋለሁ» ብሎ ጆሮውን ይዘጋና ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል፤ የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ይህ ነው።

◆ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2021 የታተመ ጥናት 24 የሻማን ሥርዓት አዋቂዎችን ከሌሎች 24 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ከበሮው ሲመታ በአዋቂዎቹ አንጎል ጋማ የሚባለው ፈጣን ሞገድ ጨመረ። ጭማሪው በታየባቸው መጠን በዓይናቸው ላይ የሚመጣው ብርሃንና ቅርጽም ጨምሯል።

◆ ፈረንሳዊቷ ኮሪን ሶምብሩን ትራንስን የተማረችው ሞንጎሊያ ውስጥ ነው። በኋላ ያለ ከበሮ፣ በፈቃዷ መግባት ቻለች። አንጎሏ በካናዳና በቤልጂየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመርምሮ ውጤቱ በ2017ና በ2020 ታትሟል። ከበሮው ደጁን ከከፈተ በኋላ መንገዱን በልምድ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው።

◆ እስትንፋስም የራሱ ድርሻ አለው። ሰው በፍጥነትና በኃይል ሲተነፍስ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ጣቶችና ከንፈር ይነዝራሉ። ባለዛር ሲያጓራና ሲያስገመግም የሚሆነውን ለመረዳት ይህንንም ማሰብ ያሻል።

ደም ውስጥ የተገኘው

◆ በባሊ ደሴት በመቅደስ ሥርዓት ላይ ሰዎች ራሳቸውን ሲስቱ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ደማቸውን ወስደው መረመሩ። በ2001 ያሳተሙት ውጤት ኖርአድሬናሊን፣ ዶፓሚንና ቤታ ኢንዶርፊን ከፍ ብለው እንደነበር ያሳያል። የመጀመሪያው ሰውነትን ያነቃል፣ የመጨረሻው ሕመም ያስታግሳል። ስለት ደረቱ ላይ ተጭኖ «አላመመኝም» የሚል ሰው ውሸቱን ላይሆን ይችላል።

◆ እነዚሁ ተመራማሪዎች ሽቦ የሌለው መለኪያ በጨፋሪዎች ራስ ላይ ገጥመው ሥርዓቱ ሳይቋረጥ ሞገዱን ተከታትለዋል። በ2002 እንደጻፉት ትራንስ በገባው ሰው ላይ ቴታና አልፋ የሚባሉት ሞገዶች ጨመሩ። የሚጥል በሽታ ምልክት የሆነው የሞገድ ዓይነት ግን አልታየም።

◆ በጥርስ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ1978 የታተመ ሙከራ አንድ ትልቅ ነገር አሳየ። መድኃኒት መስሏቸው ባዶ ፈሳሽ ተወግተው ሕመማቸው የቀለለላቸው ሰዎች፣ ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ ተመለሰ። ናሎክሶን ሰውነት የሚያመነጨውን ማስታገሻ የሚያግድ መድኃኒት ነው። እምነት ኬሚካል ያመነጫል ማለት ነው።

◆ በብራዚሏ ማራዦ ደሴት 264 ተማሪዎች ተሳትፈው በ2015 በታተመ ጥናት፣ እኩል እየተወዛወዙ የጨፈሩት ሕመም የመቻል አቅማቸው ጨመረ፤ አብረዋቸው የጨፈሩትንም ይበልጥ ቀረቧቸው። ድካሙና አብሮነቱ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሠራሉ።

◆ በስፔኗ ሳን ፔድሮ ማንሪኬ መንደር በየዓመቱ ጁን 23 ሌሊት ሰዎች 7 ሜትር የረዘመ ፍም ላይ በባዶ እግራቸው ይራመዳሉ። በ2011 የታተመ ጥናት የልብ ምታቸውን ለካ። የተራማጁ ልብ ሲፈጥን ዳር ቆመው የሚያዩት ዘመድና ወዳጆቹም ልብ አብሮ ፈጠነ። ከሌላ አገር የመጣው ተመልካች ልብ ግን ከማንም ጋር አልገጠመም።

◆ በሞሪሸስ የካቫዲ በዓል ታሚሎች ሥጋቸውን በመርፌና በሽቦ ይበሳሉ። በ2019 የታተመ ጥናት፣ የታመሙና ኑሮ የከበዳቸው ሰዎች ብዙ ብስ እንደሚመርጡ አገኘ። ከበዓሉ በኋላም መንፈሳቸው ይበልጥ መታደሱን የተናገሩት እነሱው ናቸው።

«እኔ አይደለሁም ያደረግሁት»

◆ በ1784 በፓሪስ የንጉሡ አጣሪ ኮሚሽን የሐኪሙን የፍራንዝ ሜስመርን «የእንስሳ ማግኔት» የተባለ ፈውስ መረመረ። ከአባላቱ መካከል ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮዚዬ ነበሩ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ማግኔት ወደተደረገች ዛፍ እንዲሄድ ተነገረው፤ ምንም ያልተደረገበት ሌላ ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ኮሚሽኑ ኃይሉ ያለው በምናብ ነው ብሎ ፈረደ።

◆ በ1853 አውሮፓ ጠረጴዛ የሚያንቀሳቅሱ መናፍስትን በመጥራት ተጠምዳ ነበር። ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዳይ በእጆችና በጠረጴዛ መካከል የሚንሸራተት ሰሌዳና ጠቋሚ አስገባ። የሚገፉት የሰዎቹ እጆች ነበሩ። ማንም አላጭበረበረም፤ እጃቸው እየገፋ ራሳቸው አያውቁም። ጠቋሚውን እያዩ ሲያደርጉት ግን ጠረጴዛው ቆመ።

◆ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለሂፕኖሲስ ቅርብ የሆኑ ሰዎችን በምርመራ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው «እጅህን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነው» አሏቸው። በዚያች ንግግር ብቻ እጁ ሲንቀሳቀስ የእነሱ ያልሆነ መሰላቸው፤ በአንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን በሚያቅዱ ክፍሎች መካከል ያለው ግንኙነትም ተለወጠ።

◆ «መንፈስ ያጽፈናል» የሚሉ 10 ብራዚላውያን በትራንስና በደህና ሁኔታ እየጻፉ ተመርምረዋል፤ ውጤቱ በ2012 ታትሟል። ልምድ ባላቸው ጸሐፊዎች ላይ ለጽሑፍ የሚያስፈልጉ የአንጎል ክፍሎች በትራንስ ጊዜ ሥራቸው ቀነሰ። የጻፉት ግን በደህናው ጊዜ ከጻፉት ይልቅ የተወሳሰበ ነበር።

◆ በልሳን የሚናገሩ 5 ሴቶች በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመርምረው በ2006 በታተመው ውጤት፣ ልሳኑ ሲመጣ ፈቃድንና ቁጥጥርን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ረገብ አለ። እነሱም «የምናገረው እኔ አይደለሁም» ይላሉ።

ማን ቶሎ ይገባል?

◆ ሙዚቃ ሲሰሙ ዓለምን የሚረሱ፣ መጽሐፍ ሲያነቡ ስማቸው ቢጠራ የማይሰሙ ሰዎች አሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቴሌገንና አትኪንሰን በ1974 ይህን የመመሰጥ ዝንባሌ የሚለካ መጠይቅ አዘጋጁ። በ2021 በአሜሪካ፣ በጋና፣ በታይላንድ፣ በቻይናና በቫኑዋቱ ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ መንፈስን ሰማን ወይም አየን የሚሉት በመመሰጥ የሚበልጡት መሆናቸውን አሳየ። ልቡና ለውጭ ኃይል ክፍት ነው ብሎ ማመንም እንዲሁ ይጨምረዋል።

◆ ባህል የድምፁን ጠባይ ሳይቀር ይወስናል። አንትሮፖሎጂስቷ ታንያ ለርማንና ባልደረቦቿ ድምፅ የሚሰሙ የአእምሮ ሕሙማንን በካሊፎርኒያ፣ በአክራና በቼናይ አነጋግረው ውጤቱን በ2015 አሳትመዋል። አሜሪካውያኑ የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ የሚዝት ድምፅ ነበር። በአክራ ብዙዎች እግዚአብሔርን፣ በቼናይ ዘመዶቻቸውን ሰሙ።

◆ በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ የክዋክዋካዋክ ተወላጅ የሆነ አንድ ሰው የሻማኖችን ማጭበርበር ላጋልጥ ብሎ ተማሪያቸው ሆነ። ላባ አፉ ውስጥ ደብቆ፣ ምላሱን ነክሶ፣ በደም የራሰውን ላባ «በሽታህ ይኸው» ብሎ መትፋት ተማረ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ዳነለት። አንትሮፖሎጂስቱ ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1949 ታሪኩን ሲተነትን፣ ፈውሱ የቆመው በፈዋሹ፣ በታማሚውና በመንደሩ የጋራ እምነት ላይ ነው አለ።

በሽታ ነው?

◆ አንዳንድ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች ሻማንን የአእምሮ ሕመምተኛ ይሉት ነበር። በኔፓል በሚኖሩ የቡታን ስደተኞች ላይ ተደርጎ በ2004 የታተመ ጥናት ግን፣ ሻማኖች ከሌላው ሰው የባሰ የአእምሮ ሕመም እንደሌለባቸው አገኘ።

◆ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ባሳተመው የምርመራ መመሪያ ውስጥ «ዛር» በስሙ ተጠቅሷል። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ መስመሩን በግልጽ አስምሯል። በማኅበረሰቡ የታወቀ የእምነት ወይም የባህል ሥርዓት አካል የሆነ ትራንስ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚባለው ሰውየው ሳይፈልገው የሚመጣበት፣ የሚያስጨንቀው፣ ኑሮውን የሚያውክ ሲሆን ነው።

◆ በ1518 በስትራስቡርግ ከተማ አንዲት ሴት መጨፈር ጀምራ ማቆም አቃታት። ጭፈራው እስከ 400 ወደሚደርሱ ሰዎች ተዛመተ። ሹማምንቱ «ይውጣላቸው» ብለው ሙዚቀኛ ቀጠሩላቸው፤ ባሰ። የታሪክ ጸሐፊው ጆን ዋለር ረኀብና በሽታ ያስጨነቀው ሕዝብ፣ ቅዱስ ቪቱስ በጭፈራ ይቀጣል ብሎ ማመኑን እንደ ምክንያት ያነሳል።

◆ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 119 መንፈስ ያደረባቸው ሰዎች ተጠንተው በ2010 በወጣው ውጤት፣ ካልተያዙት ይልቅ ብዙ አሰቃቂ ነገር የደረሰባቸው ሆነው ተገኙ። አንዳንድ ጊዜ የሚያጓራው ያልተነገረ በደል ነው።

◆ የዚህ ምርምር ትልቁ ድካም ይኸ ነው፦ የኤምአርአይ መሣሪያ ሳይንቀሳቀሱ መተኛትን ይጠይቃል፤ ዛር ደግሞ ተኝቶ አያውቅም። የተመረመሩትም ሰዎች ጥቂት ናቸው፦ 15፣ 10፣ 5፣ አንዳንዴም 1። ስለዚህ «ሳይንስ ዛርን ፈታው» የሚልዎትን አይመኑ፤ «ሁሉም ማስመሰል ነው» የሚልዎትንም እንዲሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይያዙ። ሰው በማኅበር መካከል፣ በታወቀ ሥርዓት፣ ገብቶ የሚወጣበት ትራንስ አንድ ነገር ነው፤ ብቻውን ሳለ የሚጥለው፣ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳው ሌላ ነው። ቤትዎ ውስጥ ሁለተኛው የደረሰበት ሰው ካለ አይሰሩት፣ አይምቱት፣ አያስርቡት። ጸሎቱንም ጸበሉንም ሳያስተዉ ወደ አእምሮ ሐኪም ይውሰዱት፤ ምን እንደደረሰበትም ረጋ ብለው ይጠይቁት።